ባር ላይ የቆመችው ልጄ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ዓመት ሊሞላው ቢሆንም ኡራኤልን ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝ ደግሞ መሪ እንደያዝኩ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል። ለማንም ላልናገር ምዬ ነበር። ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ከሰው አፍ ተጨማምሮበት ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ሰይድ እባላለሁ፤ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነኝ። ከካዛንቺስ በመስቀል አደባባይ አድርጌ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ተመልሼ ካዛንቺስ፣ ሃያ ዓመት ያለፈኝ በዚሁ መንገድ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ ቂርቆስ ተቀመጠ፤ እኔም እዚያው ተወልጄ እዚያው ወለድኩ። አንድ ክፉ ጠባይ አለኝ፤ ሳልሰማ እጮሃለሁ። ባለቤቴ ዘምዘም «አንተ መጀመሪያ ክላክስ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ነው መንገዱን የምታየው» ትለኛለች።

የመጀመሪያ ልጄ ሐያት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በቁመት እኔን ወጥታለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ተመዘዘችና ከክፍሏ ወንዶች ሁሉ በለጠች፤ ትምህርት ቤት «ቀጭኔ» የሚል ስም አወጡላት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ መጉበጥ ጀመረች። ስትሄድ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ መሬት መሬት እያየች ነው። ፎቶ ስንነሳ እንኳ እንዳትረዝም ጉልበቷን አጥፋ ትቆማለች። እኔ «ቀና በይ!» እያልኩ እጮህባታለሁ፤ በጮህኩ ቁጥር የባሰ ትጎብጣለች።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ልጄ መለወጥ ጀመረች። አንገቷ ከትከሻዋ ወጣ። ከሩቅ ስትመጣ ሳያት አንዳንዴ ሌላ ሰው ትመስለኝ ነበር። አባት ይህን ሲያይ ደስ ሊለው ይገባል፤ እኔን ግን ፍርሃት ገባኝ። ምክንያቱም ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ከቤት መጥፋት ጀምራለች። የት ነበርሽ ስላት «ማጠናከሪያ ትምህርት» ትለኛለች። ማጠናከሪያ የሚማር ሰው ግን የእግሩን ጣቶች በፕላስተር ጠቅልሎ አይመለስም። አንድ ቀን ዕቃ ስታጥብ በእግሯ ጣቶች ላይ ቆማ አየኋት። «ምን ሆነሽ ነው?» ብላት ደንግጣ ሳህኑን ለቀቀችው።

አንድ ሰኞ ትምህርት ቤት ሳደርሳት ስልኳን ታክሲው ውስጥ ረስታው ወረደች። ስታዲየም ቆሜ ተራ ስጠብቅ ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። የሰው መልእክት መስማት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሰማሁት። ጓደኛዋ ቤቲ ናት፣ በድምፅ የላከችው።

«ሃዩ የኔ ቆንጆ፣ ቅዳሜ ቀድመሽ ከደረስሽ ባር ላይ ቦታ ያዥልኝ፣ እሺ? ማለቴ፣ ከአንቺ ኋላ መቆም ነው የምፈልገው። እትዬ ውድነሽ ካሁን በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ባር ላይ ሊያቆሙን ነው አሉ። በቃ፣ እግሬ አለቀ! አዳራሹ ጋ እንገናኝ።»

ወላሂ፣ ጆሮዬን አላመንኩም። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ካዛንቺስ ተመላልሼ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ በኛ ሰፈር አንዲት ሴት ልጅ «ባር ላይ ቆመች» ከተባለ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ አንድ ጠብታ አልኮል ቀምሼ አላውቅም። ተሳፋሪው ሞልቶ «ሹፌር፣ አንሄድም እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ ስልኩን ይዤ ፈዝዤ ቀርቻለሁ።

እትዬ ውድነሽን በሩቁ አውቃቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ትንሽ የሚያነክሱ ሴት ናቸው። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ እኛ ሰፈር ተከራይተው ገቡ፤ ዕድራችንም አባል አደረጋቸው። ብዙ ዓመት ፈረንጅ አገር ኖረዋል፣ ባልም ልጅም የላቸውም ይባላል። የዕድራችንን አዳራሽ ቅዳሜ ጠዋት ለልጆች ስፖርት ብለው ከዕድሩ ዳኛ ከጋሽ ተካ ለምነው ተፈቅዶላቸዋል። እኔ ይህን ያህል ነው የማውቀው።

ያን ቀን ምሳ ሳልበላ አዳራሹ ጋ ሄድኩ። በሩ ዝግ ነው። በመስኮቱ ላጮልቅ ብል መስኮቶቹ በሙሉ ከውስጥ በድንኳን ሸራ ተሸፍነዋል። ደህና ነገር የሚሠራ ሰው መስኮት በሸራ ይሸፍናል? በቃ፣ ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ልጄን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኋትም። «አዎ» ብትለኝ ምን እንደምሆን ስለማላውቅ ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ዘምዘም ደግሞ ያን ሰሞን የታመመች እናቷን ልትጠይቅ ደሴ ሄዳለች። እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ ማውራት ከበደኝ። ሐያትን ግን «ካሁን በኋላ ቅዳሜ ከቤት አትወጪም!» አልኳት። ለምን አላለችም። አንገቷን ደፋች። እኔም ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

እሑድ የዕድር ስብሰባ ነበር። እንደ ወትሮው አርፍጄ ደረስኩና ገና ሳልቀመጥ እጄን አወጣሁ። የልጄን ስም አልጠራሁም። «በገዛ አዳራሻችን የሰው ልጆች ባር ላይ እየቆሙ ነው!» አልኩ።

ጋሽ ተካ መነጽራቸውን አነሱ። «የምን ባር?»

«ባር ነዋ! ባር አያውቁም?»

ከዚያ ወዲያ የሚናገረው በዛ። አንዱ «ሙዚቃ እሰማለሁ» አለ። ሌላው «መስኮት ሲሸፈን እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ድሮም ፈረንጅ አገር የኖረች ናት» ያለችም አለች። ጋሽ ተካ «እኔን ስፖርት ነው ያለችኝ» እያሉ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ነገሩ እስኪጣራ አዳራሹ ይቆለፍ ተባለ። እትዬ ውድነሽ ያን ቀን አልመጡም ነበር። ሄዶ የጠየቃቸውም የለም። እኔ ደግሞ አልዋሽም፣ ደረቴን ነፍቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከማግስቱ ጀምሮ ሐያት እንደ ድሮዋ ሆነች። እንዲያውም ከድሮው ባሰባት። ደብተሯን አቅፋ፣ አንገቷን ቀብራ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትሄዳለች። እራት ሳቀርብላት «ጠግቤአለሁ» ትለኛለች። ግን ያዳንኳት መስሎኝ ቻልኩት።

ሐሙስ ቀን ኡራኤል ላይ ትራፊክ አስቆመችኝ። በዚህ መስመር የሚሠራ ሹፌር ሁሉ ሳጅን ሰናይትን ያውቃታል። እኛ ስሟን «ዘንባባ» ብለነዋል። ሌላው ትራፊክ እጁን ገጭ አድርጎ ነው የሚያቆምህ። የእሷ እጅ መጀመሪያ ከትከሻ ይነሳል፣ ከዚያ ክርኑ ይከተላል፣ ከዚያ አንጓው፣ መጨረሻ ላይ ጣቶቿ ይዘረጋሉ፤ ያኔ መኪናው ሁሉ ቆሟል። «እጇን እንዳይ እኔን አስቀድማ ባስቆመችኝ» እያልን እንቀልዳለን። ያን ቀን እጇ የተዘረጋው ወደ እኔ ነበር።

«ዳር ይያዙ።»

ዳር ይዤ መንጃ ፈቃዴን ሳወጣ «ያስቀምጡት» አለችኝ። «የሐያት አባት እርስዎ ነዎት?»

ልጄ ተይዛለች ብዬ ነው ያሰብኩት። «ነኝ» አልኳት።

«እትዬ ውድነሽ ልጆች ባር ላይ ያቆማሉ ብለው ዕድር ላይ የተናገሩትስ?»

«እኔው ነኝ። አቁመዋታላ! ልጄን ባር ላይ አቁመዋታል!»

«እኔንም አቁመውኛል» አለች። «ስምንት ዓመት።»

ፖሊስ ናት፣ የደንብ ልብሷን ለብሳለች፤ እንዲህ ብላ በአደባባይ ስትናገር ተሳፋሪው ሰማ አልሰማ ብዬ ዞሬ አየሁ።

«ለመሆኑ ባሩን ገብተው አይተውታል?»

«ኧረ አላህ ይጠብቀኝ! እኔ ባር ልገባ?»

ያኔ ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ በሳቅ ይሁን በንዴት እስከዛሬ አልጠየቅኋትም።

«ባሌት ነው እኮ የሚማሩት፣ ጋሼ። ዳንስ ነው። ባር የሚሉት ልጆቹ ሲለማመዱ የሚይዙት አግዳሚ ብረት ነው። እሱም ቢሆን የእናንተው የድንኳን ብረት ነው፤ ግድግዳው ላይ መንጠቆ መትተው የሰቀሉት።» ከዚያ ያንን እጇን በመስኮቱ በኩል አሳየችኝ። «ይቺን እጅ አሥር ዓመት ሲቆሙላት ማን ያስተማራት መስሎዎት ነው?»

ከኋላዬ ያለው መኪና ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። እሷ አልቸኮለችም። «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ልጅዎን ይዘው ከአዳራሹ ጀርባ ይምጡ» አለችኝና መንገዱን ከፈተችልኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መስቀል አደባባይ ላይ «ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ!» ሲሉኝ አልሰማሁም፤ ተሳፋሪውን ሁሉ ስታዲየም ድረስ ወስጄ እየተሰደብኩ አወረድኩ።

ከዚያ ለዘምዘም ደወልኩላት። ነገሩን በሙሉ ነገርኳት። ምንም አልደነቃት።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዳንስ ብልህ እስከ መጨረሻው ትሰማኝ ነበር?» አለችኝ። ቀጥላም «ያ ሸራ እኮ የእኔ ነገር ነው፣ ሰይድ። ሐያትን ወንድ እንዳያያት ብዬ እትዬ ውድነሽን ለምኛቸው ነው መስኮቱ የተሸፈነው። በዚያ እግራቸው ወንበር ላይ ወጥተው ራሳቸው ሰቀሉት» አለች።

ከሁሉም የጎዳኝ ይኸኛው ነው። ለልጄ ክብር ተብሎ የተሰቀለውን ሸራ እኔ ለነውር ማስረጃ አድርጌ አቅርቤዋለሁ። ዳንስ መሆኑም ቢሆን በቀላሉ አልተዋጠልኝም፤ ይህንንም አልደብቅም። ግን ዳንስ ሌላ ነገር፣ እኔ በሴትዮዋ ላይ የለጠፍኩት ሌላ ነገር ነው።

ቅዳሜ ሐያትን «ተነሺ፣ እንሂድ» አልኳት። ወዴት እንደሆነ አልነገርኳትም። ታክሲው ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ መሃል ቀብራ ነበር።

ከአዳራሹ ጀርባ ቤቶች የፈረሱበት ባዶ ቦታ አለ፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል። ልጃገረዶቹ የቆርቆሮውን አግዳሚ እንጨት በአንድ እጃቸው ይዘው በሰልፍ ቆመዋል። እትዬ ውድነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከፊታቸው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። መሬቱ ጠጠር ነው። ሲያነክሱ አየኋቸው።

«ትከሻ አስተኙ!» ይላሉ። «ትከሻውን ሠርግ ላይ እስክስታ ትመቱበታላችሁ። እዚህ የምንሠራው በእግር ነው። አንድ እና፣ ሁለት እና!»

ሐያትን ሲያዩ ፊታቸው አልተለወጠም። «ዘገየሽ። ባር ያዢ» አሏት ብቻ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩላት። ሄዳ እንጨቱን ያዘች።

ወደ እሳቸው ቀረብኩ። «እኔ ነኝ። ያ ሰው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «በሕይወቴ ብዙ ተብያለሁ» አሉ። «ባር ከፈተች ስባል ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ።»

«ጥፋቱ የእኔም አለበት። ለጋሽ ተካ ስፖርት ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። ዳንስ ብል አዳራሹን አይሰጡኝማ። ይልቅ ከእኔ ጋር አይቁሙ፤ ልጆቹ ሊዘናጉ ነው። አዳራሹን ያስከፍቱልን። ክረምት መጣ፤ ጭቃ ላይ በነጠላ ጫማ ባሌት አላስተምርም።»

የሕይወታቸውን ነገር ቀስ በቀስ ነው የሰማሁት፣ ግማሹን ከእሳቸው፣ ግማሹን ከሳጅን ሰናይት። እናታቸው ካዛንቺስ አንድ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ምግብ ያበስሉ ነበር። የቤቱ እመቤት ለራሷና ለጎረቤቶቿ ልጆች ባሌት ታስተምራለች። ትንሿ ውድነሽ ከጓሮ ቆማ የመስኮቱን ፍርግርግ ይዛ የሚሠሩትን ትሠራለች። አንድ ቀን ሴትዮዋ አየቻትና በእጇ ይዛ አስገባቻት። ከዚያ ዕድል ቀንቷቸው ገና በልጅነታቸው በረዶ አገር ሄደው ተማሩ፤ ተምረውም መድረክ ላይ ወጡ። አሥራ አንድ ዓመት ደነሱ።

«ከኋላ ረድፍ ነበርኩ» ይላሉ። «ሃያ ሴቶች አንድ ዓይነት ለብሰን እንደ አንድ ሰው ነው የምንንቀሳቀሰው። ከእኛ አንዷ ጎልታ ከታየች ተሳስታለች ማለት ነው።» አንድ ጊዜ ብቻ የፊተኛዋ ታማ ለብቻቸው እንዲወጡ ተነገራቸው። ለዚያ ሲለማመዱ ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። ይህን ሲናገሩ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነው የሚመስሉት።

አገራቸው ተመልሰው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ታይፕ መቱ። ማታ ግን ሳሎናቸው ውስጥ ያለውን ወንበር ሁሉ ግድግዳ እያስጠጉ የሰፈር ልጆች ማስተማር ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት ካዛንቺስ በዚያ ሳሎን አስተማሩ። ዛሬ በከተማው ዳንስ ከሚያስተምሩት፣ መድረክ ላይ ከሚያሠለጥኑት መካከል የእሳቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ነርስ የሆነች አለች፣ የሕፃናት አስተማሪ አለች፣ ኡራኤል ላይ መኪና የምታስቆም አለች። ሳሎናቸው ሲፈርስ ይዘው የወጡት አንድ ቴፕና አንድ ሻንጣ ሙሉ ጫማ ነው። የቀራቸው የኛ አዳራሽ ብቻ ነበር፤ እሱን ነው እኔ ያስቆለፍኩባቸው።

የዚያኑ ቀን ጋሽ ተካ ቤት ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን በቀላሉ የሚበገሩ ሰው አይደሉም።

«ጉባኤ ላይ ተናግረህ አሁን ለብቻዬ መጥተህ ተሳስቻለሁ ብትለኝ ምን ላድርግልህ?» አሉኝ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት እናቶች ይዤ እመጣለሁ። በዓይናችን እንይ። ደህና ነገር ከሆነ ይከፈታል። ካልሆነ ተቆልፎ ይቀራል፤ ሁለተኛ ስሙ አይነሳም።»

የሚቀጥለው ቅዳሜ ደረሰ። ከሌሊቱ ጀምሮ ዝናብ ጥሏል። ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ተካ አዳራሹን ሲከፍቱት እትዬ ውድነሽ ቀድመው ገቡና መሃል ላይ ቆሙ። ግድግዳው ላይ መንጠቆዎቹ ብቻ ናቸው። ብረቱ የለም።

ዓርብ ዕለት አንድ የሰፈራችን አዛውንት አርፈዋል። ድንኳን ተተክሏል፤ ብረቱም፣ ወንበሩም፣ አግዳሚውም ሁሉ እዚያ ሄዷል። የዕድር ዕቃ ነው፤ ማን ምን ይላል?

«ሌላ ቀን ቢሆንስ?» አሉ እትዬ ውድነሽ።

«ኮሚቴውን ሁለተኛ አልሰበስብም» አሉ ጋሽ ተካ። «ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው፤ ግማሽ ሰዓት አለኝ። ያላችሁን አሳዩን።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሐያት ጥግ ላይ ቆማለች፤ ረጅም ሸሚዟን ከሱሪዋ ላይ ደርባ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ። አንገቷ ቀስ በቀስ ወደ ትከሻዋ ሲመለስ አየሁት። ልጮህ ነበር። «ቀና በይ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

እትዬ ውድነሽ መንጠቆዎቹን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። አስተያየታቸው ዕቃ የሚገዛ ሰው ዓይነት ነው።

«አቶ ሰይድ፣ ጫማዎን ያውልቁና እዚህ ይቁሙ።»

«እኔ?»

«ክንድዎን ወደ ጎን ይዘርጉ። ትንሽ ዝቅ። እዚያ ላይ ይበቃል። እንዳይነቃነቁ።»

«ምን ላድርግ?»

«ምንም። ባር አያወራም።»

ሳጅን ሰናይት ያን ቀን ፈረቃዋ አልነበረምና መጥታለች። ሳይነገራት ከእኔ ፊት ለፊት ቆማ ክንዷን ዘረጋች። ያቺን እጅ ፊት ለፊቴ ሳይ በልማድ እግሬ ፍሬን ፈለገ። ሦስት ልጆች የእሷን ክንድ ያዙ። ቤቲና አንዲት ትንሽ ልጅ ግራ ክንዴን ያዙ። ቀኝ ክንዴ ላይ ሐያት መጣች።

ልጄ እጄን ከያዘችኝ ስንት ዓመት እንደሆናት አላስታውስም። እጇ በረዶ ነው። ጨምድዳ ነው የያዘችኝ፤ ጥፍሯ ተሰማኝ። ከስልክ ላይ ሙዚቃ ተከፈተ። «ፕሊዬ» አሉ እትዬ ውድነሽ፤ ልጆቹ ጉልበታቸውን ወደ ውጭ ከፍተው በቀስታ ዝቅ አሉ፣ በቀስታ ተነሱ። ደግመው ዝቅ፣ ደግመው ተነሱ። ከዚያ እግር ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ።

«ሐያት፣ ባር ለመደገፍ አይደለም። ንኪው ብቻ።»

ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲላሉ ይሰማኝ ነበር። ክንዴ እየነደደ ነው፤ ሃያ ዓመት መሪ የያዘ ክንድ በአሥር ደቂቃ ሊከዳኝ ሆነ። ከጎኔ ያቺ ልጅ ግን እየቀለለች ሄደች። በመጨረሻ እጇ ክንዴ ላይ መኖሩንም በሙቀቱ ብቻ ነው የማውቀው።

«ባር ልቀቁ!»

እጇ ተነሳ። ዞሬ እንዳላይ ተከልክያለሁ፤ በዓይኔ ጥግ ነው ያየኋት። በአንድ እግሯ ጣቶች ላይ ቆማለች። ክንዶቿ ከራሷ በላይ ናቸው። ያ ሁሉ ቁመቷ ከነአንገቷ፣ አንዲት ጣት ሳትቀንስለት፣ ወደ ላይ ተዘርግቷል። ከእኔም በልጣ ነበር። ጉልበቷን አላጠፈችም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ፤ ከዚያ በላይ መቁጠር አልቻልኩም።

እንባዬ መጣ። እንዳልጠርገው ሁለት ክንዴ ተዘርግቷል፤ አትነቃነቅ ተብያለሁ። እንዲሁ ጢሜ ላይ ይወርዳል። ጋሽ ተካ ካመጧቸው ሁለት እናቶች አንዷ መጣችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ከዚያ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ቆመች።

ጋሽ ተካ ብዙ አላወሩም። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለእትዬ ውድነሽ ሰጧቸው። «ስፖርት ነው ብለውኝ ነበር። ስፖርት ነው» አሉ። ሰዓታቸውን አዩና ሁላችንንም ወደ ለቅሶው ነዱን። ልጆቹም ጫማቸውን ቀይረው ተከተሉን። ሐያት ከፊቴ ነበር የምትሄደው፤ ለቅሶ ቤት እስክንደርስ ጀርባዋን እያየሁ ሄድኩ።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ተነስቼ የተናገርኩትን በሰው ፊት መለስኩ። ሰው እስኪበቃው ሳቀብኝ። አሁንም ቢሆን የሚያጉረመርም አልጠፋም፤ «ዳንስ በዕድር አዳራሽ?» የሚል አለ። እኔም ስለ ዳንስ ሁሉ ነገር ተገልጦልኛል ብዬ አልዋሽም። አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል፤ እሳቸው በዚያ እግራቸው ጠጠር ላይ ያስተማሩባት ጠዋት በእኔ ጩኸት የመጣች ናት። ይቅር ብለውኛል፤ እኔ ግን ራሴን ገና ነኝ።

ብረቱን ሌላ ላሠራላቸው ብላቸው እምቢ አሉ። «የዕድሩ ይበቃል» አሉኝ። ድንኳን የሚተከልበት ሳምንት ሲሆን ጠዋት ይደውሉልኛል። «አቶ ሰይድ፣ ድንኳን ተተክሏል» ይሉኛል፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም። ጫማዬን አውልቄ እቆምላቸዋለሁ። ሰፈሩ «ሰይድ ባር» የሚል ስም አውጥቶልኛል፤ አንድ ጠብታ ያልቀመስኩትን ሰውዬ! መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ዘምዘም ግን ስልኳ ላይ ስሜን እንደዚያው ብላ መዘገበችው።

ባለፈው ቅዳሜም ድንኳን ተተክሎ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ክንዴን ዘርግቼ ልጄን እየጠበቅኩ ስልኬ ጮኸ፤ የመስመራችን ሹፌር ነው። ሐያት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

«ሰይዶ፣ ተራህ ደርሷል እኮ! የት ነህ?»

«ባር ነኝ» አልኩት።